በመዳፍ ውስጥ የኮመጠጠው

ያዘዝሁትን ጨርቅ ልወስድ ሠፈሩ ሁሉ ካካ፣ አጎቴ፣ ወደሚላቸው ወደ ሲዲቅ ጨርቅ ማቅለሚያ ግቢ ስገባ የወንድማቸውን ልጅ ረሺዳን በር ላይ አገኘኋት። ቡጅ ከተማ ነርስ ናት፤ ለዕረፍት መምጣቷ ነበር።

ካካ ሲዲቅ ቀኝ መዳፋቸው ላይ የወጣውን እባጭ እንደ ሠፈሩ ልማድ ቀይ ቀለም ከሚሰጥ ተክል ሥር ተወቅጦ በተለቆጠ ወፍራም ልቁጥ ደፍነው፣ በጨርቅ ጥፍር አድርገው አስረውታል። ስድስተኛ ቀኑ ነው። በዚያ እጅ አርባ ዓመት ሙሉ የእንጨት ማኅተም በጨርቅ ላይ ሲያሳርፉ መስመር ስተው አያውቁም፤ አሁን ጣቶቻቸው አይታጠፉም።

«ካካ፣ ዛሬውኑ ተከፍቶ መግሉ መውጣት አለበት» አለች ረሺዳ።

«ሦስት ዓመት የተማርሽው የአጎትሽን መዳፍ ለመቅደድ ነው? ይሄንማ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም ይችላል።»

«እሱ መልሶ ይሰፋዋል። እኔ ሐኪም ዘንድ ነው የምወስድዎ።»

«ኪኒን እየዋጥሁ ነው። ደግሞ ደም ውስጥ ጠባቂ ሴሎች አሉ ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ይሥሩ እንጂ።»

ክርክራቸው ተገቢ ነበር፤ እሷም አልናቀችውም።

«አሉ፤ እዚያም በብዛት ገብተዋል። ግን ቦታው ተዘግቷል፣ አየር አጥሮታል። እነሱም ጀርሞቹም አሲድ ሲያመነጩ ይኮመጥጣል። በኮምጣጣ ቦታ ጠባቂዎቹ ይደክማሉ፤ ጀርሙን ቢውጡት እንኳ መግደሉ ያቅታቸዋል። ኪኒኑም እንደ ልብ አይደርስም።»

«ይህን ያህል በዝተው?»

«ባለፈው ክረምት የሰማያዊው ቀለም ጋን ሲኮመጥጥብዎ ምን አደረጉ?»

«ቀለም ጨመርሁበት። ሁለት ጊዜ። ጨርቁ ግን ግራጫ ሆኖ ወጣ።»

«ቀለም አንሶት ነበር?»

«ቀለሙማ ሞልቷል። የታመመው ውኃው ነው። በኋላ ኖራ ስሰጠው ዳነ።» ቀና አሉ። «እጄንም ኖራ ልትቀቢኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም። መግሉ ከወጣ ኮምጣጣነቱን የሚያስተካክለው ደምዎ ራሱ ነው።»

ካካ ማሰሪያውን በጥርሳቸው መፍታት ጀመሩ።

ልማዱን ቂልነት ነው አልልም። ልቁጡ በሥራ የተሰነጠቀን ቆዳ ከቀለም ውኃ ይከልላል። ስሕተቱ መግል የቋጠረንም በዚያው መድፈኑ ነው፤ በጊዜ ካልተከፈተ ጣት ሊያሳጣ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ቡጅ ያለው ሐኪም ከፈተው። በአራተኛው ቀን ጣቶቻቸው ታጠፉ፤ በሦስተኛው ሳምንት ማኅተም አነሱ። ያተሙትን የመጀመሪያውን ክንድ ጨርቅ ለካሁት፤ መስመሩ አልተዛባም።

በዚያው ሰሞን አንድ አቅላሚ ያበጠ አውራ ጣቱን ይዞ ልቁጥ ሊለምን መጣ። ካካ ጣቱን አገላብጠው አዩት።

«ልቁጡ ለስንጥቅ ነው» አሉት። «አንተ ጫማህን አድርግ። የቡጅ አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል።»