ሰላምታው የሸፈነው ማስጠንቀቂያ

ሽማግሌው ምዜ ኦጎላ ሰላምታ ሳያደርሱ ወሬ ጀምረው አያውቁም። ቤቱ የሚቃጠል ሰው መንገድ ላይ ቢያገኙ መጀመሪያ ስለ ላሞቹ ነው የሚጠይቁት እያሉ በኮጊራ መንደር ያሟቸዋል። ጡረታ የወጡ መምህርና የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆኑ ሐሜቱን እንደ ምስጋና ነው የሚቆጥሩት።

አንድ ቀን ምሳ ሊበሉ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ መጥበሻ ቤት ጎራ ሲሉ አኩሙን አገኟት። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ናት፣ እሳቸውንም እንደ አባት «ባባ» ነው የምትላቸው፤ ናይሮቢ ተምራ ተመልሳ የማኅበሩን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? እናትሽ ደኅና ናት? ላማችሁስ ወለደች?»

«ወለደች ባባ። እርስዎስ? ኦዴራ ተሻለው?»

የልጃቸው ስም ሲነሳ ፊታቸው ጠቆረ። ባለፈው ሳምንት ነፋስ የኦዴራን ጀልባ ገልብጦበት፣ ባዶ ጀሪካን አቅፎ ሲንሳፈፍ ነው ሰዎች ደርሰው ያወጡት። ነገ ተነገ ወዲያ ደግሞ ወደ ሐይቁ መመለሱ አይቀርም፤ ሌላ ሥራ የለውም።

«ተሻለው። ያንቺ ድረ ገጽ ግን ምንም አልፈየደልንም። ነፋስ እንደሚመጣ ከአየር ትንበያ ቢሮ ተደውሎ ሲነገረኝ ወዲያው እሱ ላይ ጽፌ አወጣሁ። ስልካቸው ሁሉ ጮኋል። አንድ ሰው አልተመለሰም! ያሁን ልጆች ጆሮ ዳባ ልበስ ነው የሚሉት።»

አኩሙ ስልካቸውን ተቀብላ የዚያን ቀኑን ማሳወቂያ ፈለገችና ጮክ ብላ አነበበችው። «"የተከበራችሁ የኮጊራ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ..." እዚህ ላይ ተቆርጧል ባባ።»

«ነፋሱ ከታች አለ። ከፍቶ ማንበብ ነው።»

«መረብ የሚጎትት ሰው በየትኛው እጁ ይከፍተዋል? የትናንቱ የስብሰባ ጥሪም እንዲሁ ነው የሚጀምረው፤ የለቅሶውም። ስንቱ ሰልችቶት የስልኩን ድምፅ ዘግቷል። የእርስዎስ ስልክ ለምን ድምፁ ጠፋ?»

ምዜ ኦጎላ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እየጮኸ ምሳ አላስበላ ሲለኝ ነው... እኔማ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ።»

አኩሙ ሳቋን ዋጠች። እሳቸው ግን አፈሩ፤ በእርጅና አዲስ ኀፍረት መቅመስ ቀላል አይደለም።

«እና ሰላምታውን ልተው? ሰው እንደ በሬ ሃይ ተብሎ ይነዳል?»

«አይተዉትም፤ ቦታውን ነው የምንለውጠው። ማሳወቂያ የሚልከው ፕለጊን፣ ድረ ገጹ ላይ የተገጠመው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሲሠራ የተነገረው ጥቂት ነገር ነው፤ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ላክ፣ አዲስ አባል ሲገባ ላክ። ነፋስን አያውቅም። ለእሱ ለቅሶም ነፋስም ያው አዲስ ጽሑፍ ነው። የራሳችንን መቀስቀሻ፣ መቼ እንደሚልክ የሚነግረውን ምልክት፣ ልንሠራለት እንችላለን። በእርስዎ ገጽ ላይ አረንጓዴና ቀይ ምልክት አደርጋለሁ። ቀዩን ሲነኩ ድረ ገጹ ነፋስ መምጣቱን ለፕለጊኑ ይነግረዋል። ያን ጊዜ ለባለ ጀልባዎች ብቻ በሦስት ቃል ይልካል፦ "ነፋስ መጣ፤ ተመለሱ"።»

«ጣቴ ይንቀጠቀጣል። ደጋግሜ ብነካውስ? አገሩን ላሸብር ነው?»

«አንዴ ቀይ ከሆነ ደግመው ቢነኩት ዝም ይላል። የሚልከው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲለወጥ ብቻ ነው። የሚያዙትም እርስዎ ነዎት፤ ማሽኑ በራሱ አይጮህም።»

ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን ሰው የገባውን ሁሉ አይቀበልም። ዕድሜ ልካቸውን ልጆችን ሥርዓት ሲያስተምሩ ኖረው በስተርጅና ስድ ሊባሉ ነው።

«በሦስት ቃል ትእዛዝ! አባትሽ ቢሰማ ምን ይል ነበር?»

«ባባ፣» አለች አኩሙ፣ «ያን ቀን ኦዴራ ሲሰምጥ ከዳር ሆነው ቢያዩት ኖሮ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?»

«ስሙን ነዋ!»

«ስለ ላማችሁ አይጠይቁትም?»

የጠቀለሉትን የኡጋሊ ገንፎ ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ።

«ሥሪው» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ ሥሪው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ተደውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ሲነገራቸው፣ ምዜ ኦጎላ ሳያመነቱ ቀዩን ነኩት። ውኃው ገና ጸጥ እንዳለ ጀልባዎቹ ፊታቸውን መለሱ፤ ኦዴራ ከፊት ነበር። ኋላ ሐይቁ ሲናወጥ ውኃው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስብሰባውም ለቅሶውም እየራሱ መቀስቀሻ ተሠራለት፤ የነፋሱ ጥሪ ከሌላው ጋር አልተቀላቀለም፤ ሰውም የስልኩን ድምፅ መልሶ ከፈተ፣ ሊቀ መንበሩም ጭምር።

በዚያ በነፋሱ ቀን ግን ምዜ ኦጎላ ዝናብ እየመታቸው ዳር ላይ ቆመው ከጀልባ የወረደውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጨበጡ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰብሉ ጠየቁ። አንድም አላስቀሩ። ተራው ኦዴራ ላይ ሲደርስ የልጃቸውን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

«ላሟስ እንዴት ናት?»

«ላሟ ያለችው እርስዎ ቤት ነው እኮ ባባ።»

«ቢሆንም» አሉ። «ቢሆንም ንገረኝ።»