አፏ ሙሉ የሆነች እናት

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሻሽ የጠመጠመች ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ የዓሣ ሳጥኔን እግሬ ሥር አድርጌ አኩርፌያለሁ። ማንም እንዲያናግረኝ አልፈለግሁም።

«እትዬ ወለተሐና! ረሱኝ እንዴ? ሀፊዛ ነኝ፤ የዘይኑልአቢዲን ልጅ።»

ቀና ብዬ ሳያት የጎረቤቴ ልጅ ናት። ስለ ውሃና ስለ ዓሣ ትማራለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ጨርሳ ወደ አባቷ ቤት መመለሷ ነው። አገላብጬ ሳምኳት።

«ምነው ፊትዎ እንዲህ ጠቆረ?»

«እንዴት አይጠቁር! ይኸው፣ እዪው።» የሳጥኑን ክዳን ገለጥኩላት። «ለጾሙ የሚሆን ዓሣ አሳዪን ብለውኝ ለምግብ ቤት ይዤ ወጥቼ ነበር። ባለቤቷ አንዱን በጭራው አንጠልጥላ ‹ይሄ የዓሣ ጫጩት ነው፤ እናቱን ይዘሽ ነዪ› ብላ በሰው ፊት አሣቀችብኝ።»

ሀፊዛ አልሣቀችም። መዳፏን ከማይሞሉት፣ ቆሮሶ ከምንላቸው ዓሦች አንዷን አነሣችና ሆዷን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። ቢጫ ዕንቁላል ወጣ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ጫጩት አይደለችም። እናት ናት።»

«በዚህ ቁመቷ?»

«በዚህ ቁመቷ። ትልልቆቹ ሲያልቁ ትንንሾቹ ሳያድጉ መውለድ ይጀምራሉ። በልጅነቷ የተዳረች በሏት።»

እኔን ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኝ እሱው በልጅነት መዳር ነውና ነገሩ ሆዴ ገባ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

ሐይቃችን ስም የለውም። ከአልዩ አምባ በታች፣ ቆላው ላይ ለመስኖ የተገደበ ውሃ ነው፤ ዓሣ ከተጨመረበት ወዲህ ግን ሁላችንም «ሐይቁ» እንለዋለን። በአንደኛው ዳር ውሃው ይሳሳል፣ ሣርም በቅሎበታል። ወደዚያ ማንም ታንኳ ገብቶ አያውቅም፤ መኻሉ ይበቃን ነበር። በዚያ ዓመት መኻሉ ባዶ ሆነ።

ከአንኮበር ወርደን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ከግራሩ ሥር መረባቸውን ዘርግተው የተበጠሰውን ይቋጥሩ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ተነሥተው አቀፏት፤ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ግንባሯን ደጋግመው ሳሙ። ከዚያ መለስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤

«ወለተሐና፣ ሳጥንሽን አዘጋጂ። ነገ ጠዋት ሣሩ ውስጥ እንገባለን። ጾምሽን የሚያጠግብ ዓሣ እዚያ ተከማችቷል።»

የሀፊዛ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እኒህ ሰው የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናቸው፤ እሳቸው የገቡበት ሁሉም ይገባል። ሣሩን ነገ ከደፈሩት በሳምንቱ የቀረ ነገር አይኖርም።

«አባዬ፣ እባክህ እዚያ አትግባ።»

«ለምን?»

«የሚወልዱት እዚያ ነው። እሱ ካለቀ ሐይቁ አለቀ።»

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ከት ብለው ሣቁ። «ይወልዳሉ? ይበላሉ በይ እንጂ! ከዚያ ዳር ወደ መኻል የምትወጣዋ ቆሮሶ ልጆቿን የምትበላ ርጉም ናት። ስናወጣት አፏ ሙሉ ዕንቁላል፣ አንዳንዴም ሙሉ ግልገል ነው። እሷን ማጥመድ ቅጣት እንጂ ግፍ የለውም።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ መናገር ያለብኝ አለ። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። በሐይቁ ዙሪያ እስላም ክርስቲያኑ ያምነዋል። አፏ ሞልቶ የተገኘችን ዓሣ ወንዶቹ ከሁሉ አስቀድመው በመቅዘፊያ ነው የሚመቷት፤ «እንኳን አገኘንሽ፣ ልጅ በላ!» እያሉ።

«አባዬ፣ አልበላቻቸውም። ደብቃቸው ነው» አለች ሀፊዛ። «ዕንቁላሏን የምታሳድገው በአፏ ይዛ ነው። እስኪጠነክሩላት ምግብ አትቀምስም።»

«ምን? ትጾማለች?» አልኩ እኔ።

«ትጾማለች፣ እትዬ።»

«በስመ አብ! እኛ በጾም እሷን ስንበላ፣ እሷ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ትጾማለች?»

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን መረባቸውን ወረወሩት። «ተልከሽ የተማርሽው ይኼን ነው? እኔ በዚህ ውሃ ላይ ሸምግያለሁ። ሩዝቃችን፣ ሲሳያችን ከአላህ ነው፤ እሱ የሰጠውን መረብ ይሰበስበዋል፤ አለቀ።»

«ሩዝቁስ ከአላህ ነው። መረቡ ግን ከኛ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ይህን መረብ ማን ቋጠረው?»

ወርውረውት የነበረውን መልሰው አነሡ። መረቡን የቋጠሩት ሟች ባለቤታቸው ኡሙሀኒ መሆናቸውን እናውቃለን። ሕመሙ ሳይጥላቸው በፊት የሠሩት የመጨረሻው ሥራቸው ነው። ሰውየው ሌላ መረብ የማይነኩትም ስለዚህ ነው።

«እናትሽ ናት» አሉ ቀስ ብለው።

«ዐይኑ ሁለት ጣት አያስገባም። መጀመሪያ የቋጠረችልህስ?»

«እሱ ሰፊ ነበር። አራት ጣት ያስገባ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አጠበበችው?»

«እኔ ነኝ አጥብቢው ያልኳት። ዓሣው አንሶ እየሾለከ አስቸገረኛ!»

«ዓሣውስ ለምን አነሰ?»

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ጣታቸውን በመረቡ ዐይን ለማስገባት ሞከሩ። ሀፊዛ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ማሽላ ሲደርስ ለዘር የምታስቀረው የትኛውን ነው?»

«ራሱ የሞላውን፣ ዘለላው የከበደውን ነዋ።»

«ከውሃው ግን የሞላውን እየበላን ለዘር ቀጫጫውን አስቀረን። አንዲት ትልቅ እናት የምትጥለውን ዕንቁላል በእትዬ ሳጥን ውስጥ ያሉት ትንንሾች ብዙ ሆነው አይጥሉትም። መረቡ ሲጠብ ዓሣው አነሰ፤ ዓሣው ሲያንስ መረቡ ጠበበ። መጨረሻው የት ነው? ወንፊት ይዘን ልንገባ ነው?»

«ታዲያ ምን ልብላ?» ቁጣቸው ወርዶ ድምፃቸው የለማኝ መሰለ። «አንቺ ትንሹን ተው፣ ሣሩን ተው ትያለሽ። እስኪያድግ ምን እንብላ? የተራበ ሰው ጉረሮ ምክር አይውጥም።»

እውነት ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ እኔ ገባሁበት።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ማሾና ሎሚ አለዎት አይደል? ሳጥኔ ዓሣ ብቻ ተሸከም አልተባለም። ዓሣው እስኪያድግ እሱን እየወሰድኩ እሸጥልዎታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከስንዝር ያነሰ ዓሣ አልቀበልም፤ ሌሎቹም ነጋዴዎች እንዳይቀበሉ አደርጋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ።»

«ነኝ።»

«እናትሽ ብትኖር ምን ትል ይሆን?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

«ነገ መረቡን ሳትጥል በፊት ከኔ ጋር ሣሩ ዳር ቁጭ በል። ካየህ በኋላ መግባት ከፈለግህ እኔው ራሴ እቀዝፍልሃለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን በሣሩ ዳር ተንበረከክን። ሌሎቹ አጥማጆች ታንኳቸውን አስጠግተው የአለቃቸውን እጅ ይጠብቃሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ውሃው ጠራ። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ኋላ ሀፊዛ በጣቷ አመለከተችን። አንዲት ቆሮሶ አሸዋው ላይ ቆማለች። ጎኗ ከስቷል። በራሷ ዙሪያ ትንኝ የሚያካክሉ ግልገሎች ይራወጣሉ።

«ይኸው፣ ልትበላቸው ነው» አሉ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን በሹክሹክታ።

በዚያው ቅጽበት አንድ አሞራ ከላያችን አለፈ፤ ጥላው ውሃውን ሰነጠቀው። ግልገሎቹ ሁሉ ወደ እናታቸው ፊት ሮጡ። እሷም አፏን ከፈተች። አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ ጢስ ተስበው ገቡላት። አፏን ገጠመችና ወደ ሣሩ ጥላ ሄደች።

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ወደ ውሃው ይበልጥ አጎነበሱ።

አሞራው ራቀ። ዓሣዋ ተመልሳ መጣች፣ ዙሪያዋን ያየች መሰለችና አፏን ከፈተች። ሁሉም ወጡ። ይዋኛሉ። አንድም አልዋጠችም።

ሽማግሌው እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። «ሱብሃነላህ… ስንቷን በመቅዘፊያ መታኋት። ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ልጅ በላ አልኳት።»

«አላወቅህም፣ አባዬ።»

«እናትሽ በድርቁ ጊዜ ‹ጠግቤያለሁ› እያለች የሷን ድርሻ ላንቺ ታጎርስሽ ነበር። ጎኗ እንዲህ ነበር የከሳው።» ወደ ዓሣዋ ጠቆሙ። «ልክ እንዲህ።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ታንኳዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። «ተመለሱ! ሣሩ ውስጥ ማንም አይገባም!» አንዱ ወጣት ሊከራከር ሲል «ና፣ ተንበርከክና እይ!» ብለው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። ያን ቀን ሐይቁ ላይ መረብ አልተጣለም፤ አጥማጁ ሁሉ በተራ እየተንበረከከ ዋለ።

የኡሙሀኒን ጠባብ መረብ አልጣሉትም፤ እንዴት ይጣላል! ማሽላ ሲያሸት ወፍ እንዳይበላባቸው ለዘር በመረጡት ላይ ያለብሱታል። ለሐይቁ ግን ሚስታቸው ድሮ የመጀመሪያውን መረብ የለኩበትን እንጨት ከጣራው ሥር ፈልገው አወጡና፣ በአራት ጣት ልክ አዲስ መረብ በገዛ እጃቸው ቋጠሩ። ሀፊዛ ስታየው ሣቀች።

«አባዬ፣ ቋጠሮው ሁሉ ጠማማ ነው። እማዬ ብታየው ፈትታ እንደገና ትሠራው ነበር።»

«ትምጣና ትፍታው» አሉ ሽማግሌው። «ትምጣ ብቻ።»

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ፤ አልዋሽም። በማሾና በሎሚ ተገፉ። ክረምቱ አልፎ፣ ሌላም ክረምት ተደግሞ ዘንድሮ ሁዳዴ ሲቃረብ ግን፣ ጭራዋ ከሳጥኔ ጠርዝ የሚተርፍ ቆሮሶ ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ያቺ ባለ ምግብ ቤት አንሥታ መዘነቻት። «እናቱን ይዘሽ ነዪ ብለሽኝ አልነበር? ይኸውልሽ፣ ልጇን አምጥቼልሻለሁ። እናቲቱን ሐይቁ ውስጥ ትተናታል» አልኳት።

እናንተም ወንዝ ወይም ግድብ አጠገብ የምትኖሩ፣ መረባችሁን በጣታችሁ ለኩት። ትንሹ ሾልኮ ቢሄድ አልጠፋም፤ አድጎ፣ ወልዶ ይመለስላችኋል። ዓሣ የሚራባበትን ዳር ሳይነካ የተወ ሰው ጎተራውን ነው የጠበቀው። ይህን የምለው ተምሬ አይደለም፤ ተንበርክኬ ስላየሁ ነው።

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ዛሬ ጠዋት ጠዋት በሣሩ ዳር ይቀመጣሉ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ ከሰሙ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይቆጡታል፤

«ቀስ በል፣ ልጄ። እዚያ ያሉት አፋቸው ሙሉ ነው።»