አንገቷ ላይ የተጻፈው

ጅጅጋ ውስጥ የባንክ ብድር ክፍል ሠራተኛ ሳለሁ፣ አንድ የሀርሺን ወረዳ አርብቶ አደር ሐጂ ለውሃ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ሊበደሩ መጡ። «ማስያዣ ምን አለዎት?» ብላቸው «ግመሎች» አሉኝ። «ሐጂ፣ ሕጉ ግመል አይቀበልም፤ የቤት ካርታ ነው የሚለው» አልኳቸው። ደጅ ወደቆመችው ግመላቸው ጠቆሙኝ። «የእኔ መሆኗ አንገቷ ላይ በእሳት ተጽፏል። አገር ምድሩ ያነበዋል፤ ያንተ ሕግ እንዴት ማንበብ አቃተው?» እኔ ደግሞ፣ ወይ ጉዴ፣ ሳቅኩ! አንድ የከተማ ነጋዴ ግን ካርታውን ይዞ ገብቶ በዚያው ቀን ተበድሮ ወጣ።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሐጂ በእግራቸው መጡ። በጨርቅ የጠቀለሉትን ደረቅ ቁራጭ ቆዳ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ መሃሉ ላይ ያ የእሳት ምልክት አለ። «ልጄ፣ ሁሉም በጥም አለቁ» አሉኝ። «ይኸው፣ አሁን ፋይልህ ውስጥ ይገባል።»