በሜትር የተለካ ቁስል

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ሜትር» ነው የሚላቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ደንበኛ መጥቶ «ወገቤ ሰማንያ ነው» ሲላቸው፣ «እሱን ሜትሩ ይንገረኝ» ብለው ይለኩታል፤ ዘጠና ሁለት ይሆናል። ደንበኛው ያፍራል፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ ሱሪው በልኩ ይሰፋል።

እኚህ ሁሉን የሚለኩ ሰው ታዲያ አንድ ያልለኩት ነገር ነበራቸው። ከግራ ቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ የወጣ ቁስል ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሽታው መጥፎ ስለሆነ ሱቁ ውስጥ በየሰዓቱ ሽቶ ይረጫሉ። ሽቶውና ሽታው ተደባልቀው የሚፈጥሩትን ጠረን እንኳን ደንበኛ ዝንብም አይችለው! ደንበኛውም አንድ በአንድ መቅረት ጀምሯል።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት የሥራ ሱሪዋን ልታሳጥር ገባች። ጋሼ ሜትር ጠመኔ ፍለጋ የክር መሳቢያቸውን ሲስቡ፣ ከማጠንጠኛው ጋር የአልኮል ጠርሙስና ሁለት ፍሬ ብቻ የቀረው የካፕሱል እሽግ ተንከባለለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ማን ታሞ ነው?» አለች።

«መሳቢያው ነው፤ ጉንፋን ይዞት።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ግራ እግራቸው ላይ ነበር። ከካልሲያቸው በላይ የካኪ ቁራጭ ተጠምጥሞ፣ ቢጫ ፈሳሽ ዘልቆታል።

«እኔ ነርስ ነኝ» አለች ዝግ ብላ። «ሥራዬም አልድን ያለ ቁስል ማከም ነው። ሆስፒታላችን ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተከፈተ ክፍል አለን።»

«ለቁስል ብቻ?»

«ለቁስል ብቻ።»

«ወይ ጉድ! ዘንድሮ ደግሞ ለቁስልም ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ? ልጄ፣ ቁስል ምን ምሥጢር አለው? አየር ይፈልጋል። አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይድናል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።»

«አባትዎ ትክክል ነበሩ፣ መላጥና መቧጨር ከሆነ። ይኼኛው ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ቆየት ብሏል።»

«ቆየት ማለት?»

ጋሼ ሜትር ጠመኔውን በጣታቸው አሽከረከሩ። «ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው» አሉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፍተውት አልገጥም ያለ ሱሪ ቢኖር ምን ያደርጉታል?»

«ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ፈትቼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።»

«እንግዲያው እንፍታው» አለች፣ በርጩማውን ስባ እየተቀመጠች። «በየጠዋቱ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ።»

ነገሯት። ባለቤታቸው ገበያ ስትወጣ የደረቀውን ጨርቅ መንጭቀው ያላቅቁታል፤ ጥርሳቸውን ነክሰው አልኮል ያፈሱበታል፤ ካፕሱል ፈልቅቀው ዱቄቱን ይነሰንሱበታል፤ ከዚያ ጓሮ በር ላይ ለፀሐይ ይሰጡታል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ኮራ ያለ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያለ እንከን የሠሩትን ሥራ የሚናገሩ ናቸውና።

እዚህ ላይ ማንም በጋሼ ሜትር እንዳይስቅ! በየቤቱ ስንቱ ነው የሚዋጥ መድኃኒት ቁስል ላይ የሚነሰንሰው? ካቃጠለ ሠራ ብሎ የሚያምነውስ?

«ጨርቁ ሲላቀቅ ይደማል?» አለች ነርሷ።

«በደንብ ነዋ! መጥፎው ደም ነው የሚወጣው።»

«አይደለም ጋሼ። አብሮ የሚነሣው ሌሊቱን የበቀለው አዲስ ሥጋ ነው። እርስዎ ሲሰፉ የዋሉትን በየጠዋቱ እየመጣ የሚተረትር ሰው ቢኖር ምን ያደርጉታል?»

«አንገቱን ይዤ ከሱቄ አስወጣዋለሁ!»

«ያ ሰው እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ ሜትር ጎንበስ ብለው የእግራቸውን ጨርቅ አዩት። ቀጥሎ ግን እልክ ያዛቸው። «እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ይርጠብ ነው የምትይው? ርጥብ ነገር አይበሰብስም?»

«ፈሳሽ ሲበዛበት ይበሰብሳል። ወዝ ሲኖረው ግን አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሃል ይሄዳል። እኛ በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ የሚበዛውን ፈሳሽ የሚመጥ፣ ሥጋው ላይ የማይጣበቅ ሽፋን እናደርግበታለን። አልኮሉ የሚያቃጥለው ጤነኛውንም ሥጋ ነው። ካፕሱሉም ሐኪም ሲያዝ ለመዋጥ የተሠራ እንጂ ለመነስነስ አይደለም። ለመሆኑ ይህን ማሽን በእግርዎ ነው የሚያንቀሳቅሱት?»

«ድሮ ነው እንጂ! እግሬን ላሳርፈው ብዬ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተር አስገጠምኩለት።»

«ቁስሉ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነዋ።»

ጋሼ ሜትር ማሽኑን አዩት፤ እግራቸውን አዩት። ይህን ሁለት ነገር አገናኝተው አስበው አያውቁም።

«ደም ወደ እግር ለመውረድ አይቸገርም» አለች ነርሷ። «ወደ ላይ የሚመልሰው ግን የባት ጡንቻ ነው። እርስዎ እግርዎን አሳረፍኩ ብለው ቀኑን ሙሉ አንጠልጥለውት ዋሉ። የደም ሥሩ ደክሞ ከሆነ ደሙ እታች ይቋጠራል፣ እግር ያብጣል፣ ቁስሉም አልድን ይላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መጀመሪያ የእግርዎ የደም ዝውውርና ስኳርዎ መለካት አለበት።»

«ስፌቱን ተው አትይኝማ?»

«ኧረ መርገጫውን ይመልሱት ነው የምልዎት! በእጅ ሲዘመዝሙ ደግሞ እግርዎን ከፍ አድርገው ይስቀሉ።»

ሰውየው ተነሥተው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለማንም ያልተናገሩትን ተናገሩ። «አንድ ሐኪም በዚህ ከቀጠለ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐኪም ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ባለቤቴም አታውቅም። ሽታው እንዳያስጠላት ብዬ እዚህ ሱቁ ጓዳ ነው የምተኛው።»

ነርሷ በርጩማዋን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ባዶ ተስፋ መስጠት ግን አልወደደችም። «ይድናል ብዬ አልምልልዎትም» አለች። «ግን የእኔን አፍ አይመኑ። ሰኞ ሜትርዎን ይዘው ይምጡ።»

ጋሼ ሜትር ሌላ ነገር ቢባሉ በጄ አይሉም ነበር፤ ሜትር ሲባሉ ግን ሄዱ። ዝውውሩ ተለካ፣ ደም ወደ እግራቸው በደንብ ይወርዳል፤ ስኳርም የለባቸውም። ነርሷ በስስ ፕላስቲክ ላይ የቁስሉን ዙሪያ በእስክሪብቶ ነድፋ ሰጠቻቸውና በገዛ ሜትራቸው ለኩት፤ ሰባት በአምስት። ፋሻውን ከጣቶቻቸው ሥር ጀምራ እስከ ጉልበታቸው ስትጠመጥም ዓይናቸው ሥራዋን ተከተለ።

«እታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ታደርጊዋለሽ» አሉ።

«ደሙን ወደ ላይ እንዲገፋው ነው።»

«ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ይወጣሽ ነበር» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ስድስት በአራት ሆነ። ጋሼ ሜትር ተደስተው ለራሳቸው፣ «እንዲህ ከጀመረውማ ትንሽ አየር ቢያገኝ ይፈጥናል» አሉ። ዓርብ ፋሻውን ፈቱ፤ ፀሐይ አሳዩት፤ የቀሩትን ሁለት ካፕሱሎች ነሰነሱበት! ሰኞ ነርሷ መልሰው የጠመጠሙትን አይታ የቁስሉን ዙሪያ ነደፈች። ንድፉን ብቻ ሰጠቻቸው።

ለኩ። ስድስት ተኩል በአምስት።

«ሜትሩ ተሳስቷል» አሉ።

«አርባ ዓመት ያልተሳሳተው?»

ጋሼ ሜትር አንገታቸውን ደፉ።  «እኔ ነኝ ልጄ፤ ተረተርኩት» አሉ።

«ከሰው ተደብቆ የሚታከም ቁስል እንዲህ ነው» አለች ሳትቆጣ። «እቤት የሚያግዝዎት ሰው ያስፈልጋል። ለባለቤትዎ ይንገሯቸው።»

ያን ቀን እቤታቸው ገብተው፣ የሐኪሙንም ቃል ጨምረው ሁሉን ነገሯት። ባለቤታቸው የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ጠልተኸኝ ነው አልጋ የለየኸው ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ!» አለች። ወዲያው ንዴቷ መጣ። «ሽታው! ሽታውን እኔ አላውቀውም? የአንተን ጨርቅ ሳጥብ የኖርኩት አፍንጫዬን በካልሲ ደፍኜ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ፋሻ መንካት ቀረ። ጋሼ ሜትር እጃቸውን ወደ እግራቸው ከላኩ፣ ከጓዳ «እጅ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሞተሩም ከማሽኑ ወረደ።

በአምስተኛው ወር አንድ ሰኞ ነርሷ ፕላስቲኩን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው፤ የሚነደፍ ነገር አልነበረም። ጋሼ ሜትር ሜትራቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ፤ እንባቸው መጣ። እሷም ቆዳው ገና ስስ መሆኑን፣ ጠባቡን የሕክምና ካልሲ ከጠዋት እስከ ማታ ማድረግ እንዳይተዉ፣ ቆዳው ቢቀላ ወይም ቢያሳክክ በዚያው ቀን እንዲመጡ አጥብቃ ነገረቻቸው። «እሺ» አሉ፤ ያለ ክርክር።

ዛሬ ሱቁ ሽቶ አይሸትም፤ ደንበኛውም ተመልሷል። ጋሼ ሜትር ሱሪ ሲለኩ እግር ያያሉ። አንዱ እያነከሰ ከገባ አለቀለት፦ «አንተ፣ ቁስል ነው? ስንት ጊዜ ሆነው? ወር ካለፈው አየር አየር አትበለኝ! እኔ ሁለት ዓመት ስተረትር ኖሬ፣ መዳኑ አምስት ወር ብቻ ነው የፈጀብኝ። ሂድና ለምን እንዳልዳነ ያጣሩልህ፤ አስለካው፤ ለሚስትህም ንገራት!»

ይህን ለስንተኛ ጊዜ ሲሉ ባለቤታቸው ከሱቁ ጓዳ ትራስና ብርድ ልብስ ታቅፋ ወጣች። አምስት ወር ሙሉ «ይዳን ብቻ» እያሉ ያቆዩት የእሳቸው መኝታ ነው። በደንበኛው ፊት አቋርጣ ወደ ቤት ስታልፍ፣ «ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ ሜትር፣ አፍረው ሜትሩን እየጠቀለሉ።

«ወደ ቦታው» አለች።