የጋሽ አለበል ማርሽ

ጓዶች! የማኅበራችን ሊቀመንበር የጋሽ አለበልን የጡረታ ሽኝት ንግግር «አጭር ይሁን» ስላሉኝ መፈክሩን ዘልዬዋለሁ።

ጋሽ አለበል የፋብሪካውን ሰርቪስ የተረከቡ ዕለት ሁላችንም የፊታችንን ወንበር ብረት ሙጭጭ አድርገን ይዘን ነበር። የፊተኛው ሾፌር ማርሽ በቀየረ ቁጥር ኋላ የተቀመጠው ፊት ይደርስ ነበራ! ያን ቀን ባንቺአየሁ ጠበቀች፣ ጠበቀችና «ኧረ ምነው፣ አንነሳም እንዴ?» አለች። ለካ የዓባይን ድልድይ አልፈናል! አትሳቂ ባንቺ፣ አንቺው ነሽ።

ምስጢሩን ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ነዳጅ እየሰጡ ማርሽ መቀየር በሬ እየገረፉ ቀንበር መፍታት ነው። መጀመሪያ እግርህን አንሳ፤ ሞተሩ ይላላ፤ ማርሹ ራሱ ይገባል።» ተተኪያቸው ጀላሉዲን ይህን ሰምቶ ሰምቶ ጆሮው ደነቆረ። ባለቤታቸው እትዬ የብርጓል እንደነገሩን ከሆነ፣ በእንቅልፋቸውም «እግርህን አንሳ!» እያሉ ይጮኻሉ።

እኔ ግን የማመሰግንበት የራሴ ጉዳይ አለኝ። አምና ማኅበሩ ወንዛዬ ፍል ውሃ የወሰደን ጊዜ ድንጋይ አዳልጦኝ ታፋዬ ተሰበረ። ኋላ ወንበር ላይ አስተኙኝ። ገና መንገድ እንደ ጀመርን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ተበላሸ። ያለ ፍሪሲዮን መኪናው አንዴ ከቆመ ላይነሳ ነው፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ብንጠብቅ ደግሞ እግሬ መቅረቱ ነው። ጋሽ አለበል «አልቆምም!» አሉ። ከብት ባዩ ቁጥር ጡሩምባ፤ ማርሽ ሊቀይሩ ሲሉ ደግሞ አስቀድመው «ሰገነት፣ ልቀይር ነው» ይሉኛል። ጥርሴን ነክሼ ያን መንገጫገጭ ጠበቅሁ። እግራቸውን አነሱ፣ ሞተሩን አዳመጡ፣ ማርሹ ገባ። ምንም አልተሰማኝም። ሐኪም ቤት እስክንደርስ እንዲሁ ነበር።

«ይህን እግር ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት» ብዬ ባለቅስ፣ «ምን አደረግሁና? እግሬን ነው ያነሳሁት» አሉኝ። ዛሬ በሁለቱም ቆሜ ነው የማመሰግንዎ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ሰሞኑን «ጀላሉዲን ገና ነው፤ ትንሽ ልቆይ» እያሉ አስተዳደሩን ማስቸገርዎን ሰምተናል። ኧረ ሐሳብ አይግባዎ! ትናንት ሰርቪሱን የነዳው እሱ ነው። ባንቺአየሁም «አንነሳም እንዴ?» ብላለች።

ዘጌ ያለው ቡናዎ ይጠብቅዎታል። ከእትዬ የብርጓል ጋር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጓዶች፣ ብርጭቋችንን እንያዝ!

ጋሽ አለበል፣ ልንቀይር ነው። እግርዎን ያንሱ።