ወደ ግራ የተቋጠረ ዘንባባ

በጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ የጾም መግቢያ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነገ ምእመናን ግንባራቸውን የሚቀቡት አመድ የሚሠራው ዓምና ለሆሳዕና ተጎንጉነው በየቤቱ በር ላይ ከከረሙት የዘንባባ መስቀሎች ስለሆነ፣ የቄሱ ረዳት ኡቻላ ቅርጫቱን ይዞ ሊያቃጥል ቆሟል፤ መስቀሎቹን በየዓመቱ የምትጎነጉነው ሚስቱ አሪየት ደግሞ አንዱን ጨብጣ አልሰጥም ብላለች።

ኡቻላ፦ ስጪኝ አልኩሽ፣ የኡኬሎ እናት። ቄስ ኡማን ሳይመጡ አመዱ ተነፍቶ ማለቅ አለበት።

አሪየት፦ ይሄ አይቃጠልም።

ኡቻላ፦ ከሌላው በምን ይበልጣል?

አሪየት፦ ማስረጃ ነው። ማስረጃ የሚያቃጥል ሌባ ብቻ ነው።

ኡቻላ፦ እኔ ዘንባባ መስሎኝ።

አሪየት፦ ከየት እንዳገኘሁት ጠይቀኝ እስቲ።

ኡቻላ፦ እሺ፣ ከየት አገኘሽው?

አሪየት፦ ለጾሙ ብዬ ጥቁሩን የአገልግሎት ቀሚስህን ላጥብ ስል ከኪሱ። የሰው ሁሉ መስቀል በር ላይ ይከርማል፣ ያንተ ከደረትህ ሥር።

ኡቻላ፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ኪስ ውስጥ መስቀል ቢገኝ ምኑ ይገርማል? ትንባሆ አላገኘሽ!

አሪየት፦ ትንባሆ በሆነልኝ። ትንባሆ የማን እጅ እንዳለበት አይታወቅም።

ኡቻላ፦ የማን እጅ ይኖርበታል? በዚህ መንደር ካንቺ ሌላ ማን ይጎነጉናል?

አሪየት፦ እየው። ቋጠሮውን ተመልከት። ጭራው የት ገባ?

ኡቻላ፦ ወደ ውስጥ።

አሪየት፦ ወደ ግራ! አሥራ አራት ዓመት ስጎነጉን አንድ ቀን ጭራውን ወደ ግራ ሸጉጬ አላውቅም። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ግራኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ኡቻላ፦ ፀሐዩ በረታ። ክብሪቱን ጫሪልኝ እስቲ።

አሪየት፦ አንተ ጫር። እጄ ይዟል።

ኡቻላ፦ የያዘው አንዱ ነው።

አሪየት፦ ነገር አታዙርብኝ! አኳታ ናት። በል፣ አይደለችም በለኝ።

ኡቻላ፦ የአኳታ እጅ ነው።

አሪየት፦ ትንሽ እንኳ አያፍርም! ባሏ የሞተባት ጊዜ እጇን ይዤ የእናቶች ኅብረት ያስገባኋት፣ ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ መጎንጎን ያስተማርኳት አኳታ! አመድ በዱቄት ይስቃል አሉ።

ኡቻላ፦ ማን ሳቀብሽ?

አሪየት፦ ዓምና በሆሳዕና፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወደ ደጇ ጆንያ ተሸክመህ ስትሄድ ያዩህ ሰዎች አሉ። ነገሩኝና ዋጥኩት። ለልደት እሷ ከበሮ ስትመታ አንተ ስታጨበጭብ እያየሁ ዋጥኩት። በኅብረቱ ስብሰባ ሻይ እያቀበልኳት ዋጥኩት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ አጥሬ ሲነቀነቅ ዓመት ሙሉ ቆሜ አየሁ።

ኡቻላ፦ ዓመት ሙሉ! ምነው አልጠየቅሽኝ?

አሪየት፦ ወሬ ነበራ። ወሬ ነፋስ ነው፣ አይጨበጥም። ይሄ ግን ቋጠሮ አለው።

ኡቻላ፦ እና ምን ልታደርጊ ነው?

አሪየት፦ ነገ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ አመድ ሲቀባ፣ ተራዬ ሲደርስ ብድግ እላለሁ። ግንባሬን አንተ ለያዝከው ሳህን አልሰጥም። ይህንን መስቀል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ስሟን በሰው ፊት ጠርቼ እወጣለሁ።

ኡቻላ፦ በጾም መግቢያ?

አሪየት፦ የንስሐ ቀን አይደል? እሷ ትጀምረው።

ኡቻላ፦ ተይ አሪየት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

አሪየት፦ የብብቴ አንተ መሆንህ ነው? ብትወድቅም አላነሣህም።

ኡቻላ፦ እኔን ማለቴ አይደለም።

አሪየት፦ ታዲያ ምኑን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ተናገር።

ኡቻላ፦ ባልነግርሽ ነበር የምወደው።

አሪየት፦ እንዴታ! ማን ይወዳል?

ኡቻላ፦ ቅርጫቱን ገልብጪው።

አሪየት፦ ለምን?

ኡቻላ፦ ቋጠሮ አዋቂዋ አንቺ ነሽ። ያንቺን ከአኳታ ለዪልኝ።

አሪየት፦ የምን የአኳታ? ይሄ ሁሉ የኔ ነው! ዓምና ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጎንጉኜ፣ ቅዳሜ በዚሁ ቅርጫት ሞልቼ ጸሎት ቤት ያኖርኩት።

ኡቻላ፦ ገልብጪው አልኩሽ።

አሪየት፦ ይኸው፣ ገለበጥኩት! ይሄ የ... ግራ። ይሄ... ግራ። ከላይ ከላይ ያሉት ናቸው። ይሄ የቄስ ኡማን ቤት ነው፣ በቀይ ክር የተንጠለጠለው። ግራ። ግራ። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ወደ ቀኝ ሊገባ ሄዶ ተመልሷል።

ኡቻላ፦ ያንቺን ለማስመሰል ሞክራ ነው። ጥቂቱን ሞክራ አቃታት።

አሪየት፦ የኔስ የታሉ?

ኡቻላ፦ ፈልጊ።

አሪየት፦ ይኸው አንድ። ቆይ፣ ሌላም አለ። ይኸው... ይሄም አይደለም። የኔን የት ጣላችሁት?

ኡቻላ፦ ማንም አልጣለውም። በሆሳዕና ገና ሳይነጋ የጸሎት ቤቱን በር ልከፍት ስመጣ ቅርጫቱ ውስጥ መስቀል አልነበረም። ቅጠል ነበር። ተፈትተው አደሩ።

አሪየት፦ ውሸት! የኔ ቋጠሮ አይፈታም።

ኡቻላ፦ አይፈታም ነበር። ከሁሉም የጸኑት አምስት ናቸው፣ አንዱን መርጬ በራችን ላይ ሰቀልኩት። ቀኝ እጅሽን አሳዪኝ።

አሪየት፦ እጄን ተወው።

ኡቻላ፦ በመርፌሽ ክር የምታስገባልሽ ጎረቤት ናት። ባለፈው ዓሣ ስትከትፊ ቢላው ሁለቴ ወደቀብሽ። ክብሪት ከጫርሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ፤ ሁልጊዜ «አንተ ጫር» ነው። የማላይ መሰለሽ?

አሪየት፦ ብርድ ነው።

ኡቻላ፦ ብርድ? በጋምቤላ?

አሪየት፦ አትሳቅ!

ኡቻላ፦ አልሳቅሁም። ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ሊሰለፍ የቀረው ጥቂት ሰዓት ነበር። ቅጠሉን በጆንያ አድርጌ ወደ አኳታ ሮጥኩ። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ እያለቀሰች ጎንጉና ጨረሰችው።

አሪየት፦ እሷ ምን አስለቀሳት?

ኡቻላ፦ «የአስተማሪዬ እጅ ነው» አለች። «ለሰው ብትናገር ክጄ እምላለሁ» አለችኝ።

አሪየት፦ አዘነችልኝ ማለት ነው?

ኡቻላ፦ አዎ።

አሪየት፦ ዓመት ሙሉ «እህት አሪየት፣ እንደምን አደርሽ» ስትለኝ እያዘነችልኝ ነው? ካንተ ጋር ብትተኛ ይሻለኝ ነበር!

ኡቻላ፦ ኧረ ቀስ! የቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው!

አሪየት፦ ባል ቢሄድ ጎትተው ያመጡታል። ጣት ሲሄድ ከማን ቤት ይጎትቱታል?

ኡቻላ፦ ነይ፣ ቁጭ በይ።

አሪየት፦ ታዲያ ኪስህ የገባው ለምን የሷ ሆነ? ለአንተ በየዓመቱ ከመሃለኛው ቅጠል ለብቻው የምሠራልህ የት ገባ?

ኡቻላ፦ ለሰልፉ የሷን ያዝኩ፤ ከዚያ ኪሴ ከትቼ ረሳሁት። ያንቺ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ነው።

አሪየት፦ አሳየኝ።

ኡቻላ፦ ይኸው።

አሪየት፦ ይሄ መስቀል አይደለም። ዝም ብሎ ቅጠል ነው።

ኡቻላ፦ መታጠፊያው ይታያል። እዚህ ጋ። እዚህም ጋ።

አሪየት፦ ለምን ከሌላው ጋር ቅርጫት ውስጥ አልጨመርከውም? የዓምናው መስቀል ሁሉ ይቃጠላል አይደል ሥርዓቱ?

ኡቻላ፦ መስቀል ከሆነ ነው። አንቺው አሁን መስቀል አይደለም አልሽ።

አሪየት፦ አንተ ሰውዬ...

ኡቻላ፦ ምን አልሽ?

አሪየት፦ ሆሳዕና ስንት ቀረው?

ኡቻላ፦ ከዛሬ አርባ ቀን።

አሪየት፦ እንካ፣ ይሄንን ከሌላው ጋር ጨምረው።

ኡቻላ፦ ማስረጃውን?

አሪየት፦ አመድ ከሆነ በኋላ ግራው ከቀኙ አይለይ። ነገ ግንባሬ ላይ ይሁን።

ኡቻላ፦ ለአኳታ ምን ልበላት?

አሪየት፦ አንተ እዚያ ደጅ እንዳትደርስ! እኔው ሄጄ እነግራታለሁ። ዘንድሮ በጆንያ ተደብቆ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ትጎንጉን። ጭራውንም ወደፈለገችበት ትሸጉጥ። የመንደሩ መስቀል ሁሉ የሷ ይሁን።

ኡቻላ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ የኡኬሎ እናት።

አሪየት፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያንተን ግን እሷ አትነካውም። ያንተን የምጎነጉነው እኔ ነኝ፤ ሰልፉ መሃል ቢፈታ እንኳ እንደተፈታ ይዘኸው ትሄዳለህ።