በሞተ ሰው ቀናሁ

እኔ በሞተ ሰው ቀንቼ አውቃለሁ። ክላራ የምትባል ጣሊያናዊት፣ በወረራው ጊዜ ቦምብ ከሚጥል አውሮፕላን ጋር የጠፋ አያቷን ፍለጋ መጥታ፣ ሰነድ ስፈትሽላት የከረምኩት እኔ ነኝ። የእኔም አያት በዚያው ጦርነት እንደወጣ ቀርቷል፤ ለእሱ አንድ ወረቀት ገልጬ አላውቅም። በመጨረሻ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«አውሮፕላኑ ገጠር መንደራችን ላይ ወድቆ፣ ውስጡ የነበሩትን አራቱንም የቀበራቸው አባቴ ነው» አሉን። «እሱ በጸሎቱ ያነሳቸው ነበር፤ እኔም አላቋረጥኩም። ስማቸውን ስለማናውቅ ‹ከሰማይ የወደቁት› እንላለን።»

ክላራ እንባዋን እየጠረገች የአራቱንም ስም በቃሏ ነገረቻቸው። እሳቸውም ዳዊታቸውን ገልጠው መጨረሻው ገጽ ላይ ጻፉት። እኔ ቅናት አንገበገበኝ። ቦምብ ሲያዘንቡብን ለነበሩት ይህን ያህል ዓመት ጸሎት! የእኔስ አያት?

«አባባ፣ የእኔንም አያት ይጻፉልኝ!» አልኳቸው፤ ሳላስበው ጮኼ ነበር።

«ምን ከፋኝ ልጄ» አሉና እስክሪብቷቸውን አስተካከሉ። «የክርስትና ስሙን ንገረኛ።»

የክርስትና ስሙን የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ አምና እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።